የታመመች ጫጩት አያያዝ

ክንፏን ጥላ፣ ዓይኗን ጨፍና የቆመችን ጫጩት ብዙ ጊዜ ከበሽታው ቀድሞ ብርድ ይገድላታል። ስለዚህ ገበሬው መድኃኒት ከመፈለጉ በፊት ለይቶ፣ ጭድ በተጎዘጎዘ ቅርጫት ውስጥ፣ በጨርቅ ከተጠቀለለ የሙቅ ውኃ ጠርሙስ አጠገብ ያስቀምጣት። በመጀመሪያው ሳምንት ዕድሜዋ ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት ያስፈልጋታል። ጠርሙሱ በአንድ ወገን ብቻ ይሁን፤ ሲሞቃት ትሸሻለች። ሌሊትም ሲቀዘቅዝ ይለወጥ።

ከሞቀች በኋላ ጥቂት ስኳር የተበጠበጠበት ለብ ያለ ውኃ በምንቃሯ ጫፍ ማስነካት ይበቃል። በግድ መጋት፣ ይልቁንም አረቄ፣ ትን ብሏት ይገድላታል እንጂ አይጠቅማትም።

ኩሷ ደም ከቀላቀለ ኮክሲዲዮሲስ ሊሆን ስለሚችል የልማት ሠራተኛው የእንስሳት ሐኪም አማክሮ አምፕሮሊየም እንዲገኝ ይርዳ፤ እርጥብ ጉዝጓዝም ይጣል። አንገት እየተጣመመ ብዙ ዶሮ ከሞተ ግን ፈንግል ይጠረጠራል፤ በዚያው ቀን ለእንስሳት ጤና ጣቢያ ይነገር፣ ከዚያ ቤትም ዶሮ ገበያ አይውጣ።