በስም ብቻ የሚለይ መረጃን ስለ መቧደን

እ.ኤ.አ. በ1987 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ኧርቫይን የመረጃ ስብስብ ውስጥ የገባው የእንጉዳይ መረጃ 8124 መዝገቦችን የያዘ ሲሆን፣ እያንዳንዱ መዝገብ የእንጉዳዩን ቀለም፣ ሽታ፣ የአገዳ ቅርጽና የመሳሰሉትን 22 ባሕርያት በልኬት ሳይሆን በስም ይገልጻል። እንዲህ ያለው መረጃ ምድባዊ ይባላል፤ የትኛው እንጉዳይ እንደሚበላና የትኛው መርዛማ እንደሆነ ለኮምፒዩተሩ ሳይነገረው ተመሳሳዮቹን በአንድ እንዲያሰባስብ ማድረግ ደግሞ መቧደን ነው።

ለቁጥር መረጃ የሚዘወተረው ኬ-ሚንስ የየቡድኑን አማካይ እያሰላ ስለሚሠራ እዚህ አያገለግልም፤ የዓሣ ሽታና የአልሞንድ ሽታ አማካይ የላቸውምና። ለቀለሞች 1፣ 2፣ 3 እያሉ ቁጥር መስጠትም በተፈጥሮ የሌለ ቅደም ተከተል ይፈጥራል። ሁዋንግ የተባለው ተመራማሪ በ1990ዎቹ መጨረሻ ያቀረበው ኬ-ሞድስ በአማካይ ፈንታ ሞድን፣ ማለትም በቡድኑ ውስጥ ደጋግሞ የሚገኘውን እሴት፣ ወስዶ ሁለት መዝገቦች በስንት ባሕርያት እንደሚለያዩ ይቆጥራል። ዘዴው ፈጣን ነው፤ ነገር ግን የቡድኖቹ ብዛት አስቀድሞ እንዲወሰንለት ከመፈለጉም በላይ ሁሉንም ባሕርያት እኩል ይመዝናል። በዚህ መረጃ ውስጥ ግን ሽታ ብቻውን፣ 120 ሽታ አልባ መርዛማ መዝገቦች ሲቀሩ፣ የሚበላውን ከማይበላው ይለያል፤ ኬ-ሞድስ ግን የሽታን ልዩነት ከአገዳ ቅርጽ ልዩነት አያስበልጥም።

ጉሃ፣ ራስቶጊና ሺም በ1999 ያስተዋወቁት ሮክ ከዚህ የተለየ ጥያቄ ይጠይቃል፤ ሁለት መዝገቦች ምን ያህል እንደሚመሳሰሉ ብቻ ሳይሆን ስንት የጋራ ጎረቤቶች፣ ማለትም ሁለቱንም የሚመስሉ መዝገቦች፣ እንዳሏቸው ይመለከታል። በእንጉዳዮቹ ላይ ሲሞከር መጠናቸው እጅግ የተለያየ 21 ቡድኖችን ያወጣ ሲሆን፣ የሚበላና መርዛማ የተቀላቀለበት አንዱ ብቻ ነበር። ስሌቱ ግን መዝገቦችን ጥንድ በጥንድ ስለሚያነጻጽር መረጃው ሲበዛ በናሙና መሥራት ግድ ይሆናል። አባልነትን በእርግጠኝነት ሳይሆን በዕድል መጠን መግለጽ ለሚሻ አጥኚ፣ ፖል ላዛርስፌልድ በማኅበራዊ ጥናት ውስጥ የጀመረው የድብቅ መደብ ትንተና ይሻላል።

ስለዚህ ዘዴን መምረጥ መመሳሰል ምን እንደሆነ መወሰን ነው፤ ይህንንም ከሶፍትዌሩ ይልቅ እንጉዳይን የሚያውቅ ሰው ሊወስነው ይገባል። ውሳኔው እስከ ጎደለው መረጃ ድረስ ይዘልቃል፤ በ2480 መዝገቦች ላይ የአገዳው ሥር ዓይነት አልተመዘገበም፤ «ያልታወቀ» የሚለው እንደ አንድ እሴት ከተቆጠረ፣ እነዚህ መዝገቦች ሥራቸው ስላልታወቀ ብቻ እንደ ተመሳሳይ ይቆጠራሉ።