ራም ከመግዛትዎ በፊት፦ ፍጥነቱ ከኮምፒውተሩ ጋር ይጣጣማል?

በርካታ የኅብረት ሥራ ማኅበራት የአባላትን ስም፣ የወሰዱትን ማዳበሪያና ያለባቸውን ዕዳ የሚመዘግቡት በጠረጴዛ ኮምፒውተር ነው። ኮምፒውተሩ ሲንቀራፈፍ ቀድሞ የሚታሰበው መፍትሔ ራም መጨመር ነው። ይህ ተገቢ ሊሆን ይችላል፤ ሳይጣጣም የተገዛ ወይም ከአቅሙ በላይ የተገፋ ራም ግን ገንዘብ ከማባከን አልፎ መዝገብ ያበላሻል።

ትውልዱን መለየት

ራም ኮምፒውተሩ በሥራ ላይ እያለ መረጃን ለጊዜው የሚይዝበት ክፍል ነው። በገበያ ላይ በአብዛኛው የሚገኙት ዲዲአር 3፣ ዲዲአር 4 እና ዲዲአር 5 ናቸው። መደበኛ ቮልቴጃቸው በቅደም ተከተል 1.5፣ 1.2 እና 1.1 ነው። በጠርዛቸው ላይ ያለችው ክፍተት ቦታዋ ስለሚለያይ የአንዱ ትውልድ ራም በሌላው ማስገቢያ አይገባም። በጉልበት መጫን ራሙንም ማዘርቦርዱንም ይጎዳል።

ፍጥነቱን ማመሳሰል

ትውልዱ አንድ ቢሆንም ፍጥነቱ ይለያያል። ዲዲአር 4 ላይ 2133፣ 2400፣ 2666 ወይም 3200 የሚል ቁጥር ተጽፎ ይገኛል። 2400 ከሆነው ጎን 3200 ቢጨመር፣ አብረው ከሠሩ ሁለቱም የሚሠሩት በ2400 ነው። ፈጣን በሬ ከዘገምተኛው ጋር ሲጠመድ በዘገምተኛው እርምጃ እንደሚያርስ ማለት ነው። ፕሮሰሰሩም የራሱ ወሰን አለው፤ ለምሳሌ የኢንቴል ኮር አይ 5-6500 ፕሮሰሰር በይፋ የሚቀበለው የዲዲአር 4 ፍጥነት እስከ 2133 ነው።

ከወሰን በላይ ማስሮጥ

ራምን ከመደበኛ ፍጥነቱ በላይ ማሠራት ኦቨርክሎኪንግ ይባላል። 3600 ተብሎ የሚሸጥ ዲዲአር 4 ያንን ፍጥነት የሚያገኘው ባዮስ ውስጥ ኤክስኤምፒ የተባለው ምርጫ ሲበራ ነው፤ ቮልቴጁም ብዙ ጊዜ ወደ 1.35 ከፍ ይላል። ለከባድ የኮምፒውተር ጨዋታዎች ሊጠቅም ይችላል። ለመዝገብ ሥራ ግን የሚያስገኘው ጥቅም እምብዛም ነው።

ጉዳቱ ኮምፒውተሩ በድንገት መጥፋቱ ብቻ አይደለም፤ የከፋው ሳይታወቅ የሚያልፈው ስሕተት ነው። በኮምፒውተር ቋንቋ 2 እና 6 የሚለያዩት በአንዲት ቢት ብቻ ነው። ያቺ ቢት ራም ውስጥ ብትዛባና ፋይሉ ቢቀመጥ፣ 2 ኩንታል ማዳበሪያ የወሰደ አርሶ አደር 6 ኩንታል እንደወሰደ ሊመዘገብ ይችላል።

ምን ይደረግ?

• ከመግዛትዎ በፊት ነባሩን ራም ይዘው ይሂዱና ትውልዱንና ቁጥሩን ያመሳክሩ።

• ለቢሮ ሥራ ከፍጥነት ይልቅ መጠንን ያስቀድሙ፤ ከ4 ወደ 8 ጊጋባይት ማሳደግ ፍጥነት ከመጨመር የተሻለ ለውጥ ያመጣል።

• ራሙን ከማስገባትዎ በፊት መዝገቡን በሌላ ዕቃ ላይ ይገልብጡ፤ ኮምፒውተሩንም ከኤሌክትሪክ ይንቀሉ።

• ካስገቡ በኋላ በሜምቴስት 86 ወይም በዊንዶውስ የሜሞሪ መፈተሻ ይመርምሩ። አንድም ስሕተት ከታየ ኤክስኤምፒን ያጥፉና እንደገና ይፈትሹ፤ ስሕተቱ ከቀጠለ ራሙን ይመልሱ።