ጋንን የተካው ፕላስቲክ፤ አመራረጡና አስተጣጠቡ

«ጋን በጠጠር ይደገፋል» የሚል የታወቀ ተረት አለ። አማርኛን በመማር ላይ የምትገኙ አንባብያን ከመምህራችሁ አፍ ሰምታችሁት ይሆናል። ትርጓሜው ታላቁ ሰው የታናሹን ርዳታ ይሻል ማለት ነው። ነገር ግን ጋንን በዓይኑ ላላየ ሰው የተረቱ ምስጢር በሙሉ አይገለጥለትም። ጋን ማለት ጠላ የሚጠመቅበት ትልቅ የሸክላ ዕቃ ሲሆን፣ መቀመጫው ድቡልቡል ስለ ሆነ በሜዳ ላይ ብቻውን አይቆምም፤ እንዳይንከባለል ከግራና ከቀኝ ጠጠር ይደረግለታል።

ዛሬ በብዙ የከተማ ቤት ጋኑ ቦታውን ለቋል። በእርሱ ፈንታ ቢጫው ጀሪካን፣ ሰማያዊው በርሜል ወይም ክዳን ያለው ነጭ ባልዲ ተተክቷል። ምክንያቱም ግልጥ ነው። ፕላስቲክ ቢወድቅ አይሰበርም፤ ክብደቱም ቀላል ነው፤ በኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ የምትኖር እመቤት ጋን ተሸክማ ደረጃ ትውጣ የሚል ሰው አይገኝም። ፕላስቲክ ለመቆምም ጠጠር አያስፈልገውም። ጠጠር ለፕላስቲክ ጠላቱ መሆኑን ግን እኔ የተረዳሁት ዘግይቼ፣ ያውም በሐዘን ቤት ነው።

ታላቅ እኅቴ በአዲስ አበባ ትኖራለች። እኛ በትግርኛ ስዋ የምንለውን ጠላ አጠማመቁን ከእናታችን ተምራለች። የአባታችን የአርባ ቀን ተዝካር ሲቃረብ ጋኗ ተሰንጥቆ ስለ ነበር ዕቃ የማቅረቡ ሥራ ለእኔ ተሰጠ። እኔም የጽሕፈት ቤት ሰው እንደ መሆኔ ነገሩን ቀላል አድርጌ ቈጠርሁትና ከመንገድ ዳር ሁለት ባለ 25 ሊትር ጀሪካኖች ገዛሁ። ውስጣቸውን ለማጥራት አንዳንድ እፍኝ ጠጠርና አሸዋ ከውሃ ጋር ጨምሬ ናጥኋቸው፤ መዓዛ ባለው የዱቄት ሳሙና አጠብኋቸው፤ በመጨረሻም የፈላ ውሃ ገለበጥሁባቸው። አንደኛው ጀሪካን በውሃው ግለት ጐኑ ተጨማደደ። እኅቴ የሌላውን አፍ ወደ አፍንጫዋ አስጠግታ፣ «ወንድሜ፣ ይህ ዕቃ ከዚህ በፊት ምን ይዞ ነበር?» አለችኝ። «የምግብ ዘይት ነው ብሎኛል ነጋዴው» አልኋት። እርሷም ጊዜ ስለ ጠበባት ዝም ብላ ጠነሰሰች።

ጠላው ሲወጣ መልኩ ያማረ ነበር። እኅቴ ቀምሳ ፊቷን አጨማደደች፤ ነገር ግን እንደ ገና ለመጥመቅ ቀን አልቀረም። በተዝካሩ ዕለት እንግዶቹ አንድ አንድ ጊዜ ተጐንጭተው ጣሳቸውን አስቀመጡ። የሐዘን ቤት ነውና ማንም ቃል አልተናገረም። አንዲት እማማ ብቻ ወደ እኅቴ ጆሮ ጠጋ ብለው፣ «ልጄ፣ ላምባ ላምባ ይላል» አሏት። እኅቴ ያን ዕለት አብዝታ አለቀሰች፤ ለአባታችን ይሁን ለጠላው እስከ ዛሬ አልጠየቅኋትም።

ከዚያ ወዲህ ነገሩን ለማወቅ ብዙ መረመርሁ። ጀሪካንና በርሜል የሚሠሩበት ፕላስቲክ በአብዛኛው ፖሊኢቲሊን ይባላል። ጠንካራው ዓይነት የተገኘው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው፤ ካርል ሲግለር የተባሉት ጀርመናዊ ሊቅ በ1953 እ.ኤ.አ. በቀላል መንገድ የሚሠራበትን ዘዴ አግኝተው በ1963 እ.ኤ.አ. ከኢጣልያዊው ከጁሊዮ ናታ ጋር የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። ይህ ፕላስቲክ የሚሠራው ከነዳጅ ዘይትና ከተፈጥሮ ጋዝ ከሚገኝ አየር ነው። (አማርኛ ለጠላው ጭማቂ እናትም ከምድር ለሚወጣው ያልተጣራ ነዳጅም «ድፍድፍ» የሚል አንድ ቃል መስጠቱ የሚያስገርም ነው፤ በእኅቴ ቤት ሁለቱ ድፍድፎች ተገናኙ ማለት ይቻላል።) እንግዲህ ላምባና ፖሊኢቲሊን የአንድ ቤት ልጆች ናቸው። ውሃ ወደ ፕላስቲኩ ሥጋ አይዘልቅም፤ ላምባ፣ ዘይትና ሽቶ ግን ቀስ እያሉ ይሰርጉበታል። ሳሙና የሚያጥበው ገጹን ብቻ ነው። ወደ ውስጥ የሰረገው ነገር ጠላው በዕቃው ውስጥ በሚቈይባቸው ቀናት ሁሉ ጥቂት በጥቂት ይመለሳል።

ስለዚህ የፕላስቲክ ዕቃ በመልኩ ሳይሆን በታሪኩ ይመረጣል። ላምባው ጣዕም ቢያበላሽ እንግዳን ማሳፈር ነው፤ የተባይ ማጥፊያ መድኃኒት ወይም የፋብሪካ ኬሚካል ይዞ የነበረ ዕቃ ግን ሕይወትን የሚያሰጋ ነው። የተባይ ማጥፊያ ዕቃ ሲያልቅ ሦስት ጊዜ ተለቅልቆ እንዲበሳ የሚታዘዘው ማንም መልሶ እንዳይጠቀምበት ነው። በአዲስ አበባ መርካቶ ምናለሽ ተራ በሚባለው ስፍራ አሮጌ ዕቃ ሁሉ ሁለተኛ ሕይወት ሲያገኝ ማየት ደስ ያሰኛል፤ በርሜሉ ለግንባታ ውሃ፣ ጀሪካኑ ለልብስ ማጠቢያ ይውላል። ለመጠጥ የሚፈለግ ዕቃ ግን የቀድሞ ይዞታው በእርግጥ ካልታወቀ ርካሽ ነው ተብሎ መገዛት የለበትም። የሚገማ ዕቃ ራሱን ያጋልጣል፤ መርዝ ግን ብዙ ጊዜ ሽታ ስለሌለው አፍንጫን ማመን አይበቃም።

ዕቃውን ገልብጣችሁ ሥሩን ተመልከቱ። በሦስት ቀስቶች የተከበበ ከ1 እስከ 7 ያለ ቍጥር ይገኝበታል። ይህ ምልክት በ1988 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የፕላስቲክ ኢንዱስትሪ ማኅበር የወጣ ሲሆን፣ 2 ቍጥር ጠንካራውን ፖሊኢቲሊን፣ 5 ቍጥር ደግሞ ፖሊፕሮፒሊን የተባለውን ያመለክታል። ለመጥመቂያ የተለመዱት እነዚህ ናቸው። ይሁን እንጂ ብዙ ሰው በዚህ ቍጥር ይሳሳታል። ቍጥሩ የሚናገረው የፕላስቲኩን ዘር እንጂ ንጽሕናውን አይደለም፤ የመርዝ ዕቃም የዘይት ዕቃም 2 ቍጥር ሊኖርበት ይችላል። ለምግብ ተብሎ ለተሠራ ዕቃ በአውሮፓ የተደነገገው ምልክት የብርጭቆና የሹካ ሥዕል ነው፤ ይህ ሥዕል ያለበት አዲስ ባልዲ ቢገኝ ከሁሉ ይመረጣል።

ከዚያ ቀጥሎ የሚታየው የዕቃው አፍ ነው። እጅ እስከ ክርን የማይገባበት ዕቃ አይታጠብም፤ ይለቀለቃል እንጂ። የጀሪካን አፍ ጠባብ በመሆኑ በጆሮው ውስጥ ባለው ጉድጓድ የተቀመጠውን እድፍ ዓይን አያየውም፣ ጨርቅም አይደርስበትም። ሰዎች ጠጠር ጨምረው የሚንጡት ስለዚህ ነው። ጠጠሩም እድፉን ሲያነሣ ግድግዳውን ይፍቀዋል። ጠላን የሚያኰመጥጡት ጥቃቅን ነፍሳት ርዝመታቸው ከሚሊሜትር አንድ ሺኛ ብዙም የማይበልጥ ስለ ሆነ፣ ለእኛ ጭረት መስሎ የሚታየው ነገር ለእነርሱ ጥልቅ ሸለቆ ነው። በዚያ ውስጥ ልጋግ የመሰለ ስስ ሽፋን ለብሰው ይቀመጣሉ፤ የሚቀጥለውን ጥንስስም ይጠብቃሉ። የመጠጥ መበላሸት ከእነዚህ ነፍሳት የሚመጣ መሆኑን ፈረንሳዊው ሊቅ ሉዊ ፓስተር ስለ ቢራ በጻፉትና በ1876 እ.ኤ.አ. በታተመው መጽሐፋቸው አስረድተዋል።

ዕቃው ጀሪካን ብቻ ከሆነ ደግሞ በጠጠር ፈንታ ጥሬ ሩዝ ከለብ ያለ ውሃ ጋር ጨምሮ መናጥ ይሻላል።

አስተጣጠቡን በተመለከተ፣ የመጀመሪያው ምክር ዛሬ የተገለበጠ ዕቃ ዛሬ ይታጠብ የሚል ነው። አተላው ከደረቀ ፍቀት ይጠይቃል፤ ፍቀት ደግሞ ጭረት ያመጣል። ውሃው እጅ የሚችለው ዓይነት ሙቅ ይሁን፤ የፈላ ውሃ ፕላስቲኩን እንደሚያጨማድድ የእኔ ጀሪካን ምስክር ነው። የሽቦ መፈግፈጊያ፣ አሸዋና አመድ ይራቁ፤ ለስላሳ ጨርቅ ይበቃል። እናቶቻችን ጋን የሚያጥቡበት የግራዋ ቅጠል በዚህ ረገድ የሚደነቅ ነው። ሲታሽ አረፋ ይሰጣል፤ ቅጠሉም ልዝብ ስለ ሆነ ፕላስቲኩን አይጭርም። ከሸክላው ዘመን ልማድ ሳይለወጥ ወደ ፕላስቲኩ ዘመን ሊሻገር የሚችለው እርሱ ነው እላለሁ። መዓዛ ያለው ሳሙና ግን አይነካው፤ ሽቶው እንደ ላምባው ይሰርጋል።

እድፍ ከጠራ በኋላ ነፍሳቱን መግደል ይከተላል። ቅደም ተከተሉ አይገለበጥም፤ በእድፍ ላይ የፈሰሰ መድኃኒት ኃይሉን በእድፉ ላይ ይጨርሳል። ሽቶ የሌለበት፣ ከመቶ 5 እጅ ኃይል ያለው በረኪና አንድ የሾርባ ማንኪያ በ4 ሊትር ቀዝቃዛ ንጹሕ ውሃ ተበጥብጦ የዕቃው ገጽ ሁሉ ለ10 ደቂቃ ያህል እንዲረጥብ ይደረግ። ከዚያም ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ ሁለት ሦስት ጊዜ ይለቅለቅ። በረኪናን ከኮምጣጤ፣ ከሎሚ ወይም ከመጸዳጃ ቤት አሲድ ጋር መቀላቀል ፈጽሞ አይገባም፤ የሚወጣው ጋዝ ሳንባን ያቃጥላል። አንዳንድ እመቤቶች በረኪናው የጠላውን እርሾ ይገድልብናል ብለው ይፈራሉ። በሚገባ ከተለቀለቀ ይህ ፍርሃት አያስፈልግም፤ እርሾው በጌሾውና በብቅሉ ተሸክሞ ይመጣልና።

አሁን የቀረው ጢሱ ነው፤ ከእኅቴ ጋር ብዙ የተከራከርነውም በዚህ ነው። በትግርኛ አውሊዕ የሚባለው ወይራ ወይም ጥንጁት ተጭሶ ጋኑ በላዩ ይደፋል፤ ይህ ማጠን ይባላል። ያልታጠነ ጠላ ለእኅቴ ጠላ አይደለም። ፖሊኢቲሊን ግን በ130 ዲግሪ ገደማ ይቀልጣል፤ ከዚያም በፊት ይለዝባል፤ ስለዚህ በፍም ላይ ሊደፋ አይችልም። በተጨማሪም የበረኪና ክሎሪን በዕቃው ከቀረ በጢስና በብቅል ውስጥ ካሉት ፌኖል ከሚባሉ ነገሮች ጋር ተዋሕዶ የሆስፒታል መድኃኒት የሚመስል ሽታ ያመጣል፤ ጥቂቱም ብዙ ያበላሻል። ከክርክሩ በኋላ የተስማማንበት መንገድ ይህ ነው። ጥንስሱና ድፍድፉ በፕላስቲኩ ይሁን፤ ጠላው ለመጠጣት ሲደርስ በወይራ ወደ ታጠነ የሸክላ እንስራ ይገልበጥ። እንስራ ከጋን ያነሰ ስለ ሆነ ደረጃ መውጣትም አያስቸግርም።

አንድ ነገር ልጨምር። ጋን በጭቃ ሲመረግ ጭቃው ተሰንጥቆ ትንፋሹን ያስወጣል። ፕላስቲክ በክዳኑ ጥብቅ ተደርጎ ከተዘጋ ግን ከጥንስሱ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ መውጫ አጥቶ ዕቃውን ይነፋዋል፤ ሲብስም ክዳኑን አስፈንጥሮ ጣራ ያለብሳል። ክዳኑን ጥቂት ማላላት፣ ወይም በክዳኑ ቀጭን ቱቦ አሳልፎ ጫፉን ውሃ ባለበት ጠርሙስ ውስጥ መንከር ይበቃል። በቱቦው ጋዙ ይወጣል፤ ጠላን ወደ ኮምጣጤ የሚለውጡት ነፍሳት የሚሹት አየር ግን አይገባም። ለአረፋውም ከዕቃው አንድ አምስተኛ ያህል ባዶ ይተውለት።

ዕቃው ተለቅልቆ ሲያበቃ ክዳኑ ተከፍቶ፣ አፉ ወደ ታች ተደፍቶ፣ ፀሐይ በማያገኘው ስፍራ ይድረቅ፤ ብዙ ፀሐይ ፕላስቲክን ያደርቀውና ያሰነጥቀዋል። እኅቴ በየጊዜው የጣቷን ጥፍር በውስጡ ግድግዳ ላይ ታሳልፋለች። ጥፍሯ ጭረት ላይ ከተያዘ ዕቃው ከጓዳ ወጥቶ ለልብስ ማጠቢያ ይሰጣል።

ለአባታችን ሙት ዓመት እኅቴ በሁለት አዳዲስ ሰፊ አፍ ባልዲዎች ጠመቀች። ባልዲዎቹን የገዛሁት እኔ ነኝ፤ ዕቃውን ከመክፈሌ በፊት እየገለበጥሁ ሥሩን ስመረምር ባለ ሱቁ ሳቀብኝ። ያጠበችው ግን እርሷ ናት፤ እኔን ከልቅለቃ በቀር አላስነካችኝም። በዕለቱ እነዚያ እማማ የመጀመሪያውን ጣሳ አሽትተው ጠጡ፤ ቀጥሎም ባዶውን ጣሳ ወደ ቀጂዋ ዘረጉ። ሁለቱ ጀሪካኖች እስከ ዛሬ በጓሮ አሉ። የተጨማደደው የአትክልት ውሃ ይይዛል፤ በሌላው ጐን ላይ እኅቴ በቀይ ቀለም «ላምባ» ብላ ጽፋበታለች።