የቤት ጥንቸል ዘር ከየት መጣ?

በማሳችን ዳር የምትዘል ጥንቸል አለች። ጆሮዋ ረጅም ነው። እግሯ ፈጣን ነው። ውሻ ያባርራታል፤ ግን አይደርስባትም። ከተማ የሄደ ሰው ደግሞ በሽቦ ሳጥን ውስጥ የተቀመጠች ነጭ ጥንቸል አይቶ ይሆናል። ዐይኗ ቀይ ነው። ሰው ሲቀርባት አትሸሽም። ሣር ከእጁ ትቀበላለች። ያያት ሰው «የዱሯ ጥንቸል ተይዛ፣ ለምዳ ነው» ይላል።

ነገሩ እንደዚያ አይደለም። በአማርኛ ሁለቱንም ጥንቸል እንላቸዋለን እንጂ የተለያዩ እንስሶች ናቸው። የእኛ አገር የዱር ጥንቸል ጉድጓድ ቆፍራ አትኖርም። የምትወልደው በሣር መካከል ነው። ልጆቿ ሲወለዱ ፀጉር አላቸው፤ ዐይናቸውም የተከፈተ ነው። የሳጥኗ ጥንቸል ዘመዶች ግን መሬት ቆፍረው ይኖራሉ። ልጆቻቸው ሲወለዱ ራቁታቸውን ናቸው፤ ዐይናቸውም አያይም። ስለዚህ እናቲቱ መውለጃዋ ሲደርስ ከሆዷ ላይ ፀጉር እየነጨች ታነጥፍላቸዋለች። ሁለቱ እንደ በግና እንደ ፍየል ናቸው። አንድ መስክ ላይ ቢውሉም አይዋለዱም።

ታዲያ የቤቷ ጥንቸል ከየት መጣች?

አገሯ ስፔን፣ ፖርቱጋልና ደቡብ ፈረንሳይ ነው። ከ2000 ዓመት በፊት የሮም ሰዎች ጥንቸል ከዱር እየያዙ በግንብ በታጠረ ግቢ ውስጥ ያስቀምጡ ነበር። ሲፈልጉ አርደው ይበሏታል። ይህ ግን ማርባት አይባልም። እህል በጎተራ እንደ ማስቀመጥ ነው። የትኛዋ ከየትኛው ትውለድ ብሎ የመረጠ ሰው አልነበረም።

በአገራችን ብዙው ክርስቲያን ጥንቸል አይበላም። መጽሐፍ ቅዱስም ከማይበሉት ጋር ይቆጥራታል። ይህን የምንጽፈው ብሉ ለማለት አይደለም። የዘር ነገር እንዴት እንደሚሠራ ከጥንቸል በቀላሉ ስለሚታይ ነው።

ስለ ጥንቸል መልመድ አንድ የታወቀ ታሪክ አለ። በ600 ዓ.ም. ገደማ የሮም ጳጳስ «አዲስ የተወለደ የጥንቸል ልጅ እንደ ዓሣ ይቆጠራል፤ በጾም ይበላል» ብለው ፈቀዱ ይባላል። የፈረንሳይ መነኮሳትም ከዚያ ወዲህ ጥንቸልን አላመዱ ይባላል። ይህ በብዙ መጻሕፍት ተጽፎ ኖሯል። በ2018 ተመራማሪዎች ምንጩን ቢፈልጉ እንዲህ ያለ ትእዛዝ የለም። የቆየ ጽሑፍ በስሕተት ተነቦ የመጣ ወሬ ነው። (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ጽፈናል።) እንግዲህ በመጽሐፍ የተጻፈ ሁሉ እውነት አይደለም። እኛም ፊደል ስለ ቆጠርን ያነበብነውን ሁሉ ማመን የለብንም።

በ2014 ሌሎች ተመራማሪዎች የቤትና የዱር ጥንቸሎችን የዘር ምልክት አስተያዩ። የቤቷ ጥንቸል ዘር ከደቡብ ፈረንሳይ የዱር ጥንቸል ጋር በጣም ይቀራረባል። ልዩነቱ በይበልጥ የተገኘው አንጎልን በሚመለከቱ ምልክቶች ላይ ነው። ማለትም መጀመሪያ የተለወጠው ፍርሃቷ ነው። ቀለሟና መጠኗ የመጣው በኋላ ነው።

ይህን ያደረገው አንድ ሰው አይደለም። ብዙ ሰዎች፣ በብዙ መቶ ዓመታት፣ ረጋ ያለችውን ለዘር አስቀሩ። የምትደነብረዋን አረዱ። ምናልባትም ዘር መምረጣቸውን አላወቁም።

ጥንቸል ቶሎ ትወልዳለች። የምታረግዘው 31 ቀን ገደማ ብቻ ነው። በአንድ ጊዜ ስድስት፣ ሰባት፣ ስምንት ልጅ ትወልዳለች። ሴቷ ልጅ በአምስትና በስድስት ወሯ ለእርባታ ትደርሳለች። ላም እስክትወልድ ሦስትና አራት ዓመት እንጠብቃለን። በዚያ ጊዜ ውስጥ የጥንቸሏ ልጅ የልጅ ልጅ አይታለች። ስለዚህ የመረጠ ሰው የምርጫውን ውጤት በቶሎ ያያል። ጥፋቱም በቶሎ ይመጣል። በ1859 አንድ ሰው 24 ጥንቸል ከእንግሊዝ ወደ አውስትራሊያ አስመጣ። ለአደን ይሁኑኝ ብሎ ነበር። ዘራቸው በሃምሳ ዓመት ውስጥ የአገሩን አብዛኛውን ክፍል ሞላ። የበግ ግጦሽና የገበሬ አዝመራ አጠፋ። ጥንቸል የሚያረባ ሰው የሳጥኑን በር ይዝጋ!

አሁን ስለ አንድ ዘር እንንገራችሁ። በ1919 ፈረንሳይ ውስጥ ሳርት በሚባል አውራጃ፣ በአንድ ገበሬ ቤት፣ ከተራ ጥንቸሎች መካከል እንግዳ የሆነ ልጅ ተወለደ። ፀጉሩ እንደ ወንድሞቹ አልረዘመም። አጭርና ስስ ሆኖ ቀረ። ጢሙም የተጠማዘዘ ነበር። በሽተኛ ነው ተብሎ ቢጣል ማንም አይፈርድም። እኛም ብንሆን እንጥለው ነበር።

ዢሌ የሚባሉ የካቶሊክ ቄስ ግን ነገሩን ልብ አሉ። እንደዚህ ያለ ፀጉር ያላቸውን ወስደው ማርባት ጀመሩ። እንዲህ ያለውን ከተራዋ ጋር ሲያገናኙት የሚወለዱት ሁሉ ተራ ይሆናሉ። ዘሩ የጠፋ ይመስላል። ግን አልጠፋም፤ ተደብቋል። እነዚያን ልጆች እርስ በርስ ሲያገናኟቸው ከአራት አንዱ ገደማ አጭር ፀጉር ይዞ ይወለዳል። በ1924 ጥንቸሎቹ ፓሪስ ላይ ለሕዝብ ታዩ። ፀጉራቸው እንደ ከፋይ ልስልስ ነው። ስሙን ሬክስ አሉት። በላቲን ንጉሥ ማለት ነው።

ዛሬ በዓለም ላይ ከመቶ በላይ የቤት ጥንቸል ዘር አለ። ሁሉም ከዚያችው ከአንዷ የዱር ጥንቸል የመጡ ናቸው። የዱሯ ክብደት ሁለት ኪሎ ቢሆን ነው። የቤልጅግ አገር የፍላንደርስ ግዙፍ የሚባለው ግን ከስድስት ኪሎ ያልፋል። አዲስ ከተወለደ ጠቦት ሁለት እጥፍ መሆኑ ነው! በሌላ ወገን አንድ ኪሎ ብቻ የምትመዝን ድንክ ጥንቸል አለች። አንጎራ የሚባለው ዘር ፀጉሩ እየረዘመ ስለሚሄድ እንደ በግ ይሸለታል። ጥሩው በዓመት ከአንድ ኪሎ በላይ ፀጉር ይሰጣል። ከዚያ ሹራብ ይሠራል።

ስም ግን ያሳስታል። ኒውዚላንድ የሚባለው ነጭ ጥንቸል ከኒውዚላንድ አልመጣም። የወጣው አሜሪካ ውስጥ ነው። በሥጋ እርባታ የታወቀው እሱ ነው። ካሊፎርኒያ የሚባለውን ደግሞ ጆርጅ ዌስት የሚባል አሜሪካዊ በ1923 ማዳቀል ጀመረ። ሦስት ዘር አቀላቅሎ አወጣው። ሰውነቱ ነጭ ነው፤ አፍንጫው፣ ጆሮው፣ እግሩና ጅራቱ ጥቁር ነው። ጥቁሩ የሚወጣው ሰውነቱ በሚቀዘቅዝበት ቦታ ነው። ስለዚህ በብርድ አገር ያደገው ይበልጥ ይጠቁራል።

ምርጫ ዋጋ አለው። ግዙፉ ብዙ ይበላል። ከክብደቱ የተነሣ በሽቦ ወለል ላይ ውስጥ እግሩ ይቆስላል። አንጎራው በጊዜው ካልተሸለተና ካልተበጠረ ፀጉሩ ይቋጠራል፤ በሙቀትም ይጨነቃል። ድንኳ ጥርሷ እየተዛባ መብላት ያቅታታል። ሰው አንዱን ነገር ብቻ ሲመርጥ ያልፈለገውም አብሮ ይመጣል።

እኛ ጥንቸል ባናረባ በግ እናረባለን። ለበዓል፣ ለግብር ወይም ለማዳበሪያ ገንዘብ ስንፈልግ የትኛውን እንሸጣለን? ቶሎ ያደገውን፣ መልከ መልካሙን ወንድ ነው። ነጋዴ የሚፈልገውም እሱን ነው። ደጃችን የሚቀረው ቀጫጫው ነው። ሴቶቹን የሚያጠቃውም ያው የቀረው ነው። የሚቀጥለው ዓመት ጠቦት የማን ልጅ ይሆናል? የቀጫጫው ነዋ! በግ እያነሰ የሄደበት ሰው ዘመኑን ወይም ግጦሹን ይወቅሳል። ግጦሹም ድርሻ አለው። ግን ምርጫው የራሱ ነው። ፈረንጆቹ ረጋ ያለችውን ጥንቸል ሳያውቁ እንዳስቀሩ፣ እኛም ሳናውቅ ትንሹን አስቀርተናል።

ባናና ዝተት በሚሠራበት በመንዝ ገበሬዎች በዚህ ላይ ሥራ ጀምረዋል። በ2009 ነው የተጀመረው። ከምርምር ሰዎች ጋር ሆነው የየሰዉን ጠቦት ይመዝናሉ። የተሻለው ወንድ ለገበያ አይወጣም። አውራ ሆኖ ይቀርና በጉርብትና ያሉ ሰዎች በጋራ ይጠቀሙበታል። በቦንጋ፣ በሆሮና በአፋርም እንዲሁ ተጀምሯል። ከየመንደሩ አንድ መዝጋቢ ተመርጧል። በየጠቦቱ ጆሮ ላይ ቁጥር ይደረጋል። መዝጋቢው በደብተሩ የሚጽፈው ይህን ነው፤ የጠቦቱ ቁጥር፣ የእናቱ ቁጥር፣ የተወለደበት ቀን፣ ሲወለድ የመዘነው፣ ጡት ሲጥል የመዘነው።