በጨረቃ ላይ ስላለው ብቸኛ ተራራ ስለ ፒኮ፥ ከፍታውም በጥላው እንደሚለካ

በአዲስ አበባ በአራዳ፥ ከቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ፥ በ1923 ዓመተ ምሕረት የተመረቀው የዳግማዊ ምኒልክ ሐውልት በአደባባዩ ላይ ለብቻው ቆሞ ይታያል። ጧት ፀሓይ ስትወጣ ጥላው ይረዝማል፤ ወደ ቀትር ሲቃረብ ያጥራል። ሐውልቱ ግን አይረዝምም፥ አያጥርምም። ስለዚህ ጥላን ብቻ አይቶ መፍረድ ያሳስታል፤ የፀሓይን ከፍታ ዐውቆ ጥላን መለካት ግን እውነቱን ይገልጻል።

በጨረቃም ላይ እንደዚሁ ለብቻው የቆመ ተራራ አለ፤ ስሙም ፒኮ ይባላል። የሚገኘው በጨረቃ ፊት በስተሰሜን፥ የዝናም ባሕር በተባለው ጥቍር ሜዳ ላይ ነው። ይህ ሜዳ ባሕር ይባል እንጂ ውሃ የለበትም። ሊቃውንት እንደሚያስረዱት፥ ከ3,900 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት እጅግ ታላቅ ድንጋይ ከሰማይ ወድቆ ስፍራውን አጐደጐደው፤ በዙሪያውም የተራሮች ቀለበት ተነሣ። ኋላም ከውስጥ የፈለቀው የቀለጠ ድንጋይ ጕድጓዱን ሞላው። ፒኮም ከዚያ ቀለበት ሳይሰጥም የቀረ ራስ ነው። ከእርሱ በስተሰሜን ፕላቶ የሚባለው፥ ስፋቱ 100 ኪሎሜትር ያህል የሆነ ክብ ጕድጓድ አለ።

ፒኮ ከሜዳው በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ይላል። እንጦጦ ከአራዳ በላይ ያለው ከፍታ 1,000 ሜትር አይሞላምና፥ ፒኮ ከእጥፍ ይበልጠዋል። ጨረቃ እኩሌታዋ በበራ ማግሥት በሩቅ ማያ መነጽር የተመለከተው ሰው እንደ ጦር የሾለ ይመስለዋል። ፀሓይ ከአድማስ 5 ዲግሪ ብቻ ከፍ ስትል ጥላው ከቁመቱ 11 እጅ ያህል፥ ማለት 27 ኪሎሜትር ገደማ ይረዝማልና። ተራራው ራሱ ግን ግርጌው እስከ 25 ኪሎሜትር የተዘረጋ ስለ ሆነ፥ ሾጣጣ ሳይሆን ሰፊ ነው።

ጋሊሌዮ የተባለው የኢጣልያ ሊቅ በኤውሮጳ አቈጣጠር በ1610 ዓመት፥ በጨረቃ ጨለማ ክፍል ውስጥ ቀድመው የሚበሩትን የተራራ ራሶች አይቶ ከፍታቸውን ገመተ። ከእርሱ በኋላ የተነሡት ሊቃውንት ጥላቸውን እየለኩ ሥራውን አቀኑት።

ይህንንም መምህሩ በትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ ሊያሳይ ይችላል። የ1 ሜትር በትር ቀጥ አድርጎ ያቁም። የበትሩ ጥላ 3 ሜትር ቢሆን፥ በዚያው ሰዓት የተለካው የዛፍ ጥላ ለ3 ሲካፈል የዛፉ ቁመት ይገኛል። ተማሪው ዛፉ ላይ ሳይወጣ እንደ ለካ፥ ሊቃውንቱም እግራቸው ያልረገጠውን ተራራ እንዲሁ ለኩ።