የሕፃን ምግብ ከሱቅ ይገዛ ወይስ በቤት ይሰናዳ?

«ለልጄ የሱቁ ዱቄት ይሻለው ይሆን ወይስ የቤቱ ገንፎ?» ይህን ጥያቄ ከዲማ እናቶች ብዙ ጊዜ ሰምተነዋል። የሚነሣውም አብዛኛውን ጊዜ በገበያ ቀን ነው። እናቲቱ ሳምንቱን ሙሉ ያጠራቀመችውን ዕንቁላል በእንቅብ ይዛ ትወጣለች፤ ዕንቁላሉን ትሸጥና በገንዘቡ አንዲት እሽግ የሕፃን ዱቄት ገዝታ ትመለሳለች። ልጇን ስለምትወድ ያደረገችው ነውና አንነቅፋትም። ነገር ግን የሸጠችውም ራሱ ለልጇ የሚሆን ደኅና ምግብ እንደ ነበር ማን ነገራት?

አስቀድሞ አንድ ነገር እናንሣ። ልጁ ስድስት ወር እስኪሞላው ድረስ የእናት ጡት ብቻውን ይበቃዋል። ውሃ ማጠጣት፣ የአብሽ ውሃ መስጠት፣ ቅቤ ማዋጥም አያስፈልግም። ማር ደግሞ ዓመት ሳይሞላው ከቶ አይቅመስ፤ አንዳንድ ጊዜ በማር ውስጥ የሚገኝ ተሐዋሲ በሕፃን አንጀት ገብቶ ጡንቻን የሚያዝል መርዝ ያወጣል። የቆርቆሮ ወተትም ቢሆን በንጹሕ ውሃና በልኩ ካልተበጠበጠ ይጎዳል። በግንቦት 1973 ዓ.ም. የዓለም ጤና ጉባኤ በእናት ጡት ምትክ የሚሸጡ ምግቦችን ንግድ የሚመለከት ደንብ ያወጣው ይህ ጉዳት ስላሳሰበው ነው። ከስድስት ወር በኋላም ምግቡ ይጨመራል እንጂ ጡቱ አይቋረጥም፤ እስከ ሁለት ዓመትና ከዚያም በላይ ይቀጥላል።

እንግዲህ ልጁ ስድስት ወር ሞላው እንበል። በእሽጉ ውስጥ ያለው ምንድን ነው? ፋፋን እንውሰድ። ፋፋ በ1950ዎቹ ዓ.ም. ኢትዮጵያና ስዊድን በሕፃናት አመጋገብ ላይ ተባብረው ሲሠሩ የተገኘ የአገራችን ምግብ ነው። ስንዴ፣ ሽምብራ፣ አኩሪ አተር፣ የወተት ዱቄትና ስኳር ተቀላቅሎ፣ ቫይታሚንና ማዕድን ተጨምሮበት የተዘጋጀ ነበር። ልብ በሉ፣ ስንዴውና ሽምብራው በእናንተም ጎተራ አለ! ፋብሪካው የሚበልጠው በቫይታሚኑና በማዕድኑ፣ ይልቁንም ለደም በሚያስፈልገው በብረት ማዕድን ነው። ይህ እውነት ስለ ሆነ አንሸሽገውም። አቅም ያላት እናት ቀኑ ያላለፈበትን፣ እሽጉ ያልተቀደደውን መርጣ ብትገዛ መልካም ነው። አቅም የሌላት ግን እንዲበረክትላት ብላ ታቀጥነዋለች። እንዲህ ያለው ቀጭን አጥሚት ሆድ ይሞላል እንጂ ልጅ አያሳድግም፤ ገንዘቡም በከንቱ ቀረ ማለት ነው።

የቤቱ እንዲህ ይሰናዳል። ከጤፍ ወይም ከገብስ ወይም ከስንዴ ሦስት እጅ፣ ከባቄላ ወይም ከሽምብራ ወይም ከአተር አንድ እጅ ይሰፈር። እህሉ ተለቅሞ ይታጠብ፤ ጥራጥሬው ተቆልቶ ይከካ፣ ገለባው ይውጣ፤ ከዚያ ሁሉም አንድ ላይ ልሞ ይፈጭ። ሻጋታ የነካው እህል አይግባበት። ጓያም አይግባበት! ጓያ አዘውትሮ ሲበላ እግርን የሚያሽመደምድ በሽታ እንደሚያመጣ በጎጃምም በጎንደርም የታወቀ ነው፤ ከሽሮ እህል ጋር ተደባልቆ እንዳይገባ ተጠንቅቃችሁ ልቀሙ።

ገንፎው ማንኪያው ሲዘነበል ቶሎ የማይፈስ ይሁን። «ታዲያ ወፍራሙን ልጄ እንዴት ይውጠው?» ትሉ ይሆናል። መልሱ በየቤታችሁ ነው፤ ብቅል። ለጠላ ተብሎ የቆየው ሻጋታ ሊኖርበት ይችላልና ለልጁ ለብቻው ጥቂት ገብስ ዘፍዝፋችሁ፣ በንጹሕ ጨርቅ ሸፍናችሁ አብቅሉ። ሲያጎነቁል በፀሐይ አድርቁት፣ ጎንቁሉን አሽታችሁ አራግፉና ሳትቆሉ ፍጩት። ገንፎው ከበሰለ በኋላ ከእሳት አውርዳችሁ ትንሽ በረድ ሲል አንድ የሻይ ማንኪያ የብቅል ዱቄት ጨምሩና አማስሉ። ጥቂት ቆይቶ ውሃ ሳይጨመርበት ይቀጥናል፤ ብቅሉ ወፍራሙን ስታርች ይሰባብረዋልና። ከዚያ መልሳችሁ አፍሉት። ምግቡ ሳይቀንስ ለልጁ ለመዋጥ ቀለለ ማለት ነው።

ያ ሳይሸጥ የቀረው ዕንቁላል አሁን ይምጣ። በደንብ ተቀቅሎና ደቅቆ፣ ወይም ተመትቶ በሚፈላው ገንፎ ውስጥ ይብሰል። ጥቂት ቅቤ ወይም ዘይት፣ ደቅቆ የበሰለ ጎመን ወይም ዱባም ይጨመር። የብረት ማዕድኑን ጉድለት ለማገዝ፣ በግ ወይም ዶሮ በታረደ ጊዜ ከጉበቱና ከሥጋው በደንብ የበሰለና የደቀቀ ለሕፃኑ ይድረሰው። መቼም ጉበቱ የአባወራ ነው የሚል ቤት አይጠፋም!

በጾም ወራትስ? ከሰባት ዓመት በታች ያለ ልጅ እንዲጾም አይገደድም። እናቶች የሚቸገሩት ግን የቤቱ ድስት በፍስክ እንዳይነካካ ነው። ለዚህ ለሕፃኑ ለብቻው አንዲት ትንሽ ድስት፣ አንድ ሳሕንና አንድ ማንኪያ መለየት ይበቃል። ለንጽሕናም ይበጃል።

ንጽሕናን ካነሣን፣ የሱቁንም የቤቱንም ምግብ እኩል የሚያበላሸው ያው የቆሸሸ እጅና ያው ያልፈላ ውሃ ነው። ከማብሰልና ከማጉረስ በፊት፣ የልጁንም ዓይነ ምድር ከጠረጋችሁ በኋላ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ፤ ሳሙና ባይኖር በአመድ። ጡጦ ጉሮሮው ለማጠብ አስቸጋሪ ነውና ይቅር፤ በስኒና በማንኪያ አብሉ።

ስድስት ወር የሞላው ልጅ በሁለት ሦስት ማንኪያ ይጀምርና እየተጨመረለት ይሂድ፤ በቀን ከሁለት እስከ ሦስት ጊዜ ይብላ። ከዘጠኝ ወር በኋላ ከሦስት እስከ አራት ጊዜ ይሁን። ተቅማጥ ቢይዘውም ጡትና ምግብ አይከልከል። ጠዋት ተሠርቶ የተረፈ ገንፎ ለማታ አይቀመጥ፤ ወዲያው ታላላቆቹ ይብሉት፣ ለሕፃኑ ማታ አዲስ ይሠራለት።