ጂንስ ለባሽ የምትወድ ዝንብ

ዱሮ ሽርሽር ማለት ሶደሬ ወይም ላንጋኖ ደርሶ መምጣት ነበር። አሁን የከተማው ወጣት ገንዘብ አዋጥቶ፣ መኪና ተከራይቶ፣ ጓደኛውንም የልብ ወዳጁንም ይዞ አርባ ምንጭ፣ ጂንካ፣ ማጎ እያለ ወደ ቆላው መውረድ ለምዷል። እሰየው ነው፤ አገርን እንደ ማየት ያለ ነገር የለም። ችግሩ፣ ሰው ለጉዞ ሲነሳ ስለ ፎቶው፣ ስለ ሙዚቃው፣ ስለሚለብሰው ልብስ ይጨነቃል እንጂ እዚያ ማን እንደሚጠብቀው አይጠይቅም።

የምትጠብቀው ቆላ ዝንብ ናት።

የቤት ዝንብ ዘመድ ናት ብላችሁ እንዳትንቋት። ስታርፍ ክንፎቿን እንደ መቀስ አንዱን በአንዱ ላይ ታነባብራለች። ከፊቷ እንደ መርፌ የቀሰረችው መውጊያ አላት። የወባ ትንኝ ስትሆን የምትነክሰው ሴቷ ብቻ ናት፤ ቆላ ዝንብ ግን ወንዱም ሴቷም ደም መጣጭ ናቸው። ሥራቸውንም የሚሠሩት በጠራራ ቀን ነው። ስስ ሸሚዝ ቢለብሱባት ግድ የላትም፣ በላዩ ትወጋለች። ያመማል ደግሞ!

አሁን ወደ ጂንሱ እንምጣ። ይቺ ዝንብ ሰማያዊና ጥቁር ቀለም ስታይ ልቧ ይሸፍታል። ቀልድ እንዳይመስላችሁ፤ እሷን ለማጥፋት የሚሠሩ ባለሙያዎች ወጥመዳቸውን የሚሰፉት ከሰማያዊና ከጥቁር ጨርቅ ነው። ሰማያዊውን ከሩቅ አይታ ትመጣለች፤ ጥቁሩ ላይ ታርፋለች፤ ጨርቁ የተነከረበት መድኃኒት ይገድላታል። እንግዲህ ሰማያዊ ጂንስ ከጥቁር ቲሸርት ጋር አድርጎ ማጎ የሚገባ ወጣት በሁለት እግሩ የሚሄድ ወጥመድ ሆነ ማለት ነው። ልዩነቱ የእሱ ልብስ መድኃኒት የሌለው መሆኑ ብቻ ነው።

ምን ይለበስ?

ካኪ ወይም የአፈር መልክ ያለው፣ ዓይን የማይስብ ልብስ ይሻላል። ጨርቁ ወፈር ያለ፣ ስፌቱ ሰፋ ያለ ይሁን። ሰውነት ላይ የተጣበቀ ልብስ ለመውጊያዋ አይመክትም። እጅጌው እስከ አንጓ ይድረስ፤ የሱሪው ጫፍ ካልሲ ውስጥ ይግባ። “ፎቶው ላይ አያምርም” የሚል አይጠፋም። ያበጠ ክንድና የተላላጠ አንገትስ ያምራል?

መስኮት አትክፈቱ

ለቆላ ዝንብ የሚንቀሳቀስ ትልቅ ነገር ሁሉ በሬ ወይም ጎሽ ነው። ስለዚህ መኪናችሁን አሳድዳ ትከተላለች። ሙቀቱ በረታ ብላችሁ መስኮት ስትከፍቱ ግብዣ ነው የጠራችሁት። በዝንቧ ክልል ውስጥ እስካላችሁ መስኮቱ ይዘጋ። ከወረዳችሁ በኋላ ተመልሳችሁ ስትገቡ ውስጡን ፈትሹ፤ አንዲት ብትቀር መንገዱን ሙሉ ሲጨፈር የሚዋለው በእሷ ምክንያት ነው። ለመናፈስ ተብሎም ቁጥቋጦ ውስጥ አይገባም። ፀሐዩ ሲከር እሷም እዚያው ጥላ ሥር ነው የምታርፈው፤ ከቀሰቀሷት ትነክሳለች።

ቅባቱስ?

ብዙ ሰው ከፋርማሲ ቅባት ገዝቶ ከተቀባ ሁሉ ነገር ያለቀ ይመስለዋል። ዲት የሚባለው ንጥረ ነገር ያለበት ቅባት ለወባ ትንኝ ጥሩ ነው። በፈጣን ወንዝ ዳር ቀን ቀን የምትነክሰውን ትንሿን ጥቁር ዝንብም ይከላከላል። ቆላ ዝንብን ግን እምብዛም አይመልሳትም። ስለዚህ በቅባት ተማምኖ በቁምጣና በካናቴራ መንጎራደድ ራስን ማታለል ነው። እንዲህ ስንል ደግሞ ቅባቱን ጣሉት ማለታችን አይደለም። አርባ ምንጭ ሲመሽ ወባ አለ፣ አጎበርም ቅባትም ያስፈልጋል። በአጭሩ፣ ቀን ልብሱ፣ ማታ ቅባቱና አጎበሩ። የፀሐይ ክሬም የምትቀቡ ከሆነ ክሬሙ ይቅደም፣ የትንኝ ቅባቱ ይከተል። ፐርሜትሪን የሚባለው መድኃኒት ደግሞ ልብስ ተነክሮበት፣ ደርቆ ይለበሳል እንጂ ቆዳ አይቀባም።

ጢስስ ለሚል፦ ጢስ ዝንብን ፈንጠር ያደርጋል፣ ከብት አርቢውም ይህን ያውቃል። ግን ሽርሽር የወጣ ሰው ቀኑን ሙሉ ጢስ ውስጥ ተቀምጦ ምኑን አየው?

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ለምን?

ንክሻው አሳክኮ፣ አብጦ የሚለቅበት ጊዜ ይበዛል። ነገር ግን ይቺ ዝንብ ከብቱን ገንዲ በሚባለው በሽታ የምትፈጀው ናት። ሰውንም የእንቅልፍ በሽታ ልታስይዝ ትችላለች። እ.ኤ.አ. በ1967 ጋምቤላ ውስጥ በሽታው በሰው ላይ ታይቷል። ከዚያ ለረጅም ዓመታት ድምፁ ጠፍቶ ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ2022 በጋሞ ዞን እንደገና ሰዎች ላይ ተገኘ። የታመሙት ጥቂት ናቸው፤ አገር አይታይ የሚያሰኝ አይደለም። በጊዜ ከተደረሰበት መድኃኒት አለው። ካልታከመ ግን ይገድላል።

የእኛ ሰው ትኩሳት ሲይዘው የሚያውቀው ሁለት ስም ነው፤ ወይ ወባ፣ ወይ ታይፎይድ። ከጉዞ በተመለሳችሁ በሳምንታት ውስጥ ትኩሳትና ራስ ምታት ከጀመራችሁ፣ በተለይ የተነከሰው ቦታ እንደ እባጭ አብጦ ከቆሰለ፣ ከጎረቤት ክኒን ተቀብላችሁ አትዋጡ። ጤና ተቋም ሂዱና ሳትጠየቁ ተናገሩ፦ “ቆላ ነበርኩ፣ ዝንብ ነክሶኛል” በሉ። ወባ ሊሆን ይችላል፣ እሱም ይመርመር። ነገር ግን በዚያው የደም ናሙና ውስጥ ሌላውንም ተሕዋስ መፈለግ ይቻላል። ፈላጊው ግን የት እንደነበራችሁ ማወቅ አለበት። አዲስ አበባ ቁጭ ያለ ሐኪም ጂንካ መክረማችሁን በመልካችሁ አይለየውም።

እንግዲህ መልካም ጉዞ። ጂንሱን ለቦሌ አስቀምጡት። ቦሌ ላይ ለብሳችሁት ዞር ብሎ የሚያያችሁ ሰው ነው፤ ማጎ ላይ ግን ዝንቧ ናት።